ለኔትወርክ ካርድ የሜሞሪውን በር ምን ያህል እንክፈትለት? ከለገጣፎ የተነሳ ጥያቄና ምላሾቹ

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር (ጥያቄውና ምላሾቹ በተከታታይ የሚጻፉበትን ገጽ) የከፈተው በለገጣፎ በሚገኝ አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ስቱዲዮ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ የሆነ ወጣት ነው። ስቱዲዮው የሠርግ፣ የማስታወቂያና የዘጋቢ ፊልም ሥራዎችን ያቀናብራል፤ አቀናባሪዎቹም ፋይሎቹን ወደየራሳቸው ማሽን ሳይገለብጡ በ10 ጊጋቢት መስመር ከአንድ የሊኑክስ ፋይል ሰርቨር ላይ በቀጥታ እየከፈቱ ይሠራሉ። ሰርቨሩ ከዱባይ አገልግሎ የመጣ፣ የኔትወርክ ካርዱም ከመርካቶ የተገዛ ነው። ጠያቂው እንዳብራራው፣ ሰርቨሩን ሲተክል ከኢንተርኔት ያገኘውን የፍጥነት መመሪያ ተከትሎ አይኦኤምኤምዩ የሚባለውን የመሣሪያዎች የሜሞሪ ጥበቃ በቀጥታ ማሳለፊያ አሠራር ላይ አድርጎት ነበር፤ ይህም ማለት ካርዱ የፈለገውን የሜሞሪ አድራሻ ያለ ምንም ተቆጣጣሪ እንዲያነብና እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ነበር ማለት ነው። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ሲገባው ደንግጦ፣ ለካርዱ የተከፈተው ሜሞሪ ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ ወዲያው ወደሚዘጋበት ጥብቅ አሠራር ለወጠው። ወዲያው አቀናባሪዎቹ የ4ኬ ምስል ሲያጫውቱ እየተንገጫገጨ እንዳስቸገራቸው ማማረር ጀመሩ፤ ሰርቨሩን ሲያይም ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (ሥራውን ከሚሠሩት ክፍሎቹ) ሁለቱ ያለ ዕረፍት ተይዘው አገኛቸው። ጥያቄው እንግዲህ ጥበቃውን ትቶ ወደ ቀድሞው ይመለስ ወይስ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ይኖር እንደሆነ ነው።

ምላሽ 1። መጀመሪያ የመለሱት በየካ አባዶ የሚኖሩ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ናቸው፤ ጠያቂውን በወጉ ሰላም ካሉ በኋላ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ድሮ መሣሪያ ያመጣውን እያንዳንዱን ባይት ፕሮሰሰሩ ራሱ እየተቀበለ ወደ ሜሞሪ ያስገባ እንደነበር፣ በዲኤምኤ ግን ፕሮሰሰሩ አድራሻውን ብቻ ነግሮ መሣሪያው በራሱ እንደሚጽፍና እንደሚያነብ፣ ይህ ባይኖር ኖሮ የዛሬ ካርዶች ፕሮሰሰሩን ሌላ ሥራ ያስፈቱት እንደነበር አስታወሱ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዳያይ የሚከለክለው የፕሮሰሰሩ የገጽ ሰንጠረዥ (ገጽ የሚባሉትን የሜሞሪ ቁራጮች ማን እንደሚያይ የሚመዘገብበት) በመሣሪያው ላይ ሥልጣን ስለሌለው ነው። አይኦኤምኤምዩ ይህን ክፍተት የሚዘጋ ሃርድዌር ሲሆን፣ ኢንቴል ቪቲ-ዲ፣ ኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ፣ አርም ደግሞ ኤስኤምኤምዩ ብለው ሰይመውታል። ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ለአንድ ዝውውር የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ለመሣሪያው ይከፍትለታል፤ ዝውውሩ ሲያበቃም ይዘጋበታል። መምህሩ የመዝጋቱን ነገር በኮንዶሚኒየም ዘበኛ መሰሉት፤ ኮሚቴው የአንድን ሰው ስም ከመግቢያ ዝርዝሩ ቢሰርዝም፣ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሰውየውን ከለመደው፣ በግልጽ እስኪነገረው ድረስ ማሳለፉን ይቀጥላል። አይኦኤምኤምዩም የተረጎማቸውን አድራሻዎች በራሱ ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ስለሚይዝ፣ ከሰንጠረዡ ከመሰረዝ ባሻገር ካሹም እንዲረሳ ማዘዝ ግድ ይሆናል። በጥብቁ አሠራር ይህ ትእዛዝ ከእያንዳንዱ ዝውውር በኋላ ይሰጣል፤ በዘገየው አሠራር ግን ስረዛዎቹ ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ ይታዘዛሉ። የፍጥነቱ ዋጋ በአብዛኛው የሚከፈለው እዚህ ላይ መሆኑን ገልጸው ሐሳባቸውን ቋጩ።

ምላሽ 2። ከሱሉልታ የጻፈው ሰው ይህን ሁሉ ትንተና አልፈለገውም። የሠርግ ቪዲዮ የሚቀናበርበት ቤት ድረስ ልዩ መሣሪያ ተሸክሞ የሚመጣ ሰላይ እንደሌለ፣ ይልቁንም ሥራ አጓትቶ ደንበኛ ማጣት የበለጠ አደጋ እንደሆነ፣ ስለዚህ ጥበቃውን አጥፍቶ መተኛት እንደሚሻል በአጭሩ መከረ።

ምላሽ 3። ቀጣዩ ጸሐፊ ከቡራዩ ነው፤ ቁጣው ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይታያል። ነገሩ የሰላይ ወሬ አለመሆኑን ለማሳየት ታሪኩን በዝርዝር አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፋየርዋየር በተባለው የመሣሪያ መሰኪያ ሶኬት ላይ የተሰካ አይፖድ የባለቤቱን ኮምፒውተር ሜሞሪ ማንበብና መለወጥ እንደሚችል በአደባባይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲና ኤስአርአይ የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ተንደርክላፕ በተባለው ሥራቸው ራሱን እንደ ተራ ኔትወርክ ካርድ የሚያቀርብ መሣሪያ ሠርተው፣ አይኦኤምኤምዩ ያላቸው ማሽኖች ጭምር እንደሚደፈሩ አሳዩ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ስርዓተ ክወናዎች ጥበቃውን ወይ አያበሩትም፣ ወይ ቢያበሩትም ለመሣሪያው ከሚገባው በላይ ይከፍቱለት ነበር። በተከታዩ ዓመት ከኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ተንደርስፓይ የተባለው ሥራ መጣ፤ ላፕቶፑ ተቆልፎና ዲስኩ ተመስጥሮ እንኳ ለጥቂት ደቂቃዎች እጁ ውስጥ የገባለት ሰው ሊከፍተው እንደሚችል ተረጋገጠ። ጸሐፊው በመጨረሻም የሱሉልታውን ሰው ስንፍናውን እንደ ብልሃት አድርጎ እንዳያስተምር አስጠነቀቀው። ታሪኩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የዘረዘራቸው አደጋዎች ሁሉ ከውጭ በሚሰካ መሣሪያ የሚደርሱ ሲሆኑ፣ የጠያቂው ካርድ ግን በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ያለ መሆኑን በዚያ ሰዓት ያስተዋለ አልነበረም።

ምላሽ 4። ክሩ ፍሬ ማፍራት የጀመረው የቱሉ ዲምቱው የኔትወርክ ባለሙያ ሲገባበት ነው። እሱ ስለ አደጋው አንድም ቃል ሳይናገር ስሌት ይዞ መጣ። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ 1,500 ባይት የሚይዙ ፓኬቶች (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች) ያለ ፋታ ቢመጡ በሰከንድ ወደ 812,000 ገደማ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ፓኬት ያለው ጊዜ ወደ 1,230 ናኖሰከንድ ነው። ካሹ እንዲረሳ የሚታዘዝበት ትእዛዝ አንዱ ወደ 2,000 ገደማ የፕሮሰሰር ዑደት ይወስዳል፤ ይህም በ2.5 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር 800 ናኖሰከንድ መሆኑ ነው። እንግዲህ ፓኬቱን ለመመርመርም ሆነ ለፕሮግራሙ ለማድረስ ገና ምንም ሳይሠራ ከጊዜው ሁለት ሦስተኛው አለቀ ማለት ነው። ሥራውን ለብዙ ኮሮች በማከፋፈልም ሙሉ በሙሉ አይመለጥም፤ ትእዛዞቹ የሚሰለፉበት ወረፋ አንድ በመሆኑ ኮሮቹ በአንድ ቁልፍ ላይ እየተጠባበቁ ይሻማሉ። ይኸው ስሌት በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ሲደረግ ግን ለአንድ ፓኬት ያለው ጊዜ ከ12,000 ናኖሰከንድ በላይ ስለሚሆን፣ ያው 800 ናኖሰከንድ የሚታወቅ ነገር አይሆንም። ባለሙያው ከዚህ ተነስቶ በከተማችን ዳርቻ ካሉት ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የኢንተርኔት ቤቶች አብዛኞቹ ጥብቁን አሠራር ቢያበሩ ልዩነቱን እንደማያዩት፣ ጥበቃውን የሚያጠፉትም ለትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች የተጻፈ መመሪያ እየገለበጡ መሆኑን አስረዳ። በበኩሌ ከክሩ ሁሉ የላቀ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ አስተያየት ነው፤ በየመድረኩ የምናየው የፍጥነት ምክር የማን ማሽን ላይ ተለክቶ እንደተጻፈ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም።

ምላሽ 5። አንዲት የሲስተም ፕሮግራመር ከአያት ሆና ስሌቱን በትሕትና አረመችው። ቁጥሮቹ ወደ ሰርቨሩ ለሚገቡ ፓኬቶች ልክ ቢሆኑም፣ የስቱዲዮው ሰርቨር ዋና ሥራው ፋይል መላክ ነው። በመላክ ጊዜ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ትልቅ ቁራጭ ለካርዱ ያስረክባል፤ ወደ 1,500 ባይት ፓኬቶች የሚከፋፍለው ካርዱ ራሱ ነው። ገጾች የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚያ ትልቅ ቁራጭ ልክ እንጂ በየፓኬቱ ባለመሆኑ፣ የትእዛዞቹ ቁጥር ባለሙያው ካሰላው በብዙ እጥፍ ያነሰ መሆን አለበት። በተጨማሪም ካርዱም ስዊቹም 9,000 ባይት የሚይዘውን ጃምቦ ፍሬም የተባለ ትልቅ ፓኬት የሚቀበሉ ከሆነ በሰከንድ የሚያልፉት ፓኬቶች ወደ 138,000 ገደማ ስለሚወርዱ በመቀበልም በኩል ጫናው ይቀላል።

ምላሽ 6። የቱሉ ዲምቱው ሰው እርማቱን በግማሽ ልብ ነው የተቀበለው። እሷ እንዳለችው ከሆነ የሰርቨሩ ኮሮች ለምን እንዲህ እንደተያዙ የምትነግረን ራሷ ናት አለ። በጊዜው ጥያቄው ያለ መልስ አለፈ፤ በኋላ ግን እንደሚታየው የነገሩ ቁልፍ እሱ ነበር።

ከ7ኛው እስከ 9ኛው ምላሽ ድረስ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ መብራት ሲቆራረጥ ዩፒኤስ የሌለው ሰርቨር ዲስኩ ይበላሻል እንጂ ለደኅንነቱ ማሰብ ቅንጦት ነው አለ፤ ሌላው የሰበታ ሰው ስለ ጄኔሬተር ነዳጅ ጻፈ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመርካቶ የሚገዙ የኔትወርክ ካርዶች የታዋቂ አምራች ስም የተለጠፈባቸው አስመስሎ የተሠሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የመለያ ምልክቱንና የፈርምዌሩን (በካርዱ ውስጥ የተጫነውን ፕሮግራም) ሥሪት ከአምራቹ መረጃ ጋር ማስተያየት እንደሚገባ አሳሰበ።

ምላሽ 10። የመጨረሻው አስተያየት ሳይታሰብ ወደ ዋናው ነገር መለሳቸው። ከገላን የጻፈ አንድ ተማሪ፣ ካርዱ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ በውስጡ የሚሠራውን ፈርምዌርም ማመን እንደማይቻል፣ ስለዚህ ከውጭ የሚሰካ እና በውስጥ ያለ መሣሪያ ብሎ መለየቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አመለከተ። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሮጀክት ዜሮ ከተባለው የጉግል የደኅንነት ተመራማሪዎች ቡድን የወጣውን ሥራ ነው፤ በዚያ ሥራ አጥቂው በአየር ላይ በሚላክ ምልክት የስልክን የብሮድኮም ዋይፋይ ቺፕ ከያዘ በኋላ፣ ከቺፑ ተነስቶ ወደ ስልኩ ዋና ከርነል መሻገር እንደሚችል ታይቷል። ካርዱ ሐሰተኛ መሆን አያስፈልገውም፤ እውነተኛ ሆኖ ስሕተት ያለበት ፈርምዌር ቢይዝ ይበቃል።

ምላሽ 11። የሱሉልታው ሰው ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን መካከለኛ መንገድ ይዞ ነበር። ሊኑክስ በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ በልማዱ የሚጠቀመው የዘገየውን አሠራር መሆኑን፣ በዚህም ስረዛዎቹ ለእያንዳንዱ ኮር እስከ 256 ድረስ ተጠራቅመው ወይም 10 ሚሊሰከንድ ሲሞላ በአንድ ትእዛዝ እንደሚጠረጉ፣ 10 ሚሊሰከንድ ደግሞ ማንም የማይደርስበት ቅጽበት መሆኑን ገለጸ።

ምላሽ 12። የቡራዩው ሰው ይህንንም አልማረውም። 10 ሚሊሰከንድ ለሰው ቅጽበት ቢሆንም ለማሽን ዘመን ነው፤ በስምንት መስመር የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዶችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው መንገድ) ሦስተኛ ትውልድ የተገናኘ ካርድ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ70 ሜጋባይት በላይ ሊያመላልስ ይችላል። በዚህ ስሌት ላይ ሆኖም የሱሉልታውን ጸሐፊ አላዋቂ እስከ ማለት ደረሰ፤ እግረ መንገዱንም ጥብቁን አሠራር ያለ ማመንታት አልመከሩም ብሎ መምህሩን በአንተታ ነካ አደረጋቸው።

ምላሽ 13። የአያቷ ፕሮግራመር በመጀመሪያ ያስተካከለችው ቋንቋውን ነው፤ ማስተማር ለሚወድ ሰው፣ ያውም በዕድሜ ለሚበልጥ፣ እንዲህ አይጻፍም አለች። ቀጥላም ስሌቱን አስተካከለች። የ70 ሜጋባይቱ ቁጥር የመስመሩን አቅም እንጂ የተጋለጠውን ሜሞሪ አያሳይም። በዘገየው አሠራር ለካርዱ ክፍት ሆነው የሚቆዩት በዚያች ቅጽበት አገልግለው ገና ያልተጠረጉት ገጾች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ትርጉማቸው አሁንም በካሹ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀጥታ ማሳለፊያው ጋር ሲነጻጸር የአደጋው ስፋት በእጅጉ ይጠባል። ሆኖም እነዚያ ገጾች ለካርዱ ክፍት እንደሆኑ ለሌላ ሥራ፣ ምናልባትም ለይለፍ ቃል ወይም ለከርነሉ የራሱ መዋቅር ሊሰጡ ስለሚችሉ አደጋው ዜሮ ነው ማለትም አይቻልም። እንዲህ ያለ ሚዛናዊ አነጋገር በክሩ ውስጥ ብዙ አልነበረም።

ምላሽ 14። መምህሩ ስለ አንተታው ምንም ሳይሉ ሌላ ቀዳዳ አሳዩ፤ ይህኛው ጥብቁን አሠራር ላበራም ሰው የሚተርፍ ነው። አይኦኤምኤምዩ የሚከፍተውና የሚዘጋው በገጽ ልክ ነው፤ ትንሹ ገጽ ደግሞ 4,096 ባይት ነው። የኔትወርክ ድራይቨሮች ለአንድ ፓኬት 2,048 ባይት ቆርጠው ሁለት ፓኬት በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጣቸው የተለመደ በመሆኑ፣ የአንዱ ግማሽ ሥራ አልቆ ቢዘጋ እንኳ ሌላው ግማሽ ክፍት ከሆነ ካርዱ ሁለቱንም ያያል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሊኑክስ የፓኬቱ መያዣ ጫፍ ላይ ከርነሉ ራሱ የሚጠቀምበት የአስተዳደር መዋቅር መቀመጡ ነው፤ በውስጡም ወደ ከርነሉ ተግባር የሚያመራ ጠቋሚ (ከርነሉ የትኛውን ኮድ እንደሚያሠራ የሚነግር አድራሻ) ይገኛል። ፓኬቱን እንዲጽፍ የተፈቀደለት ካርድ ያን ጠቋሚም መለወጥ ይችላል ማለት ነው። የተንደርክላፕ ሰዎች አይኦኤምኤምዩ በበራበት ማሽን ላይ ከተጠቀሙባቸው ክፍተቶች አንዱም ይኸው የገጽ መጋራት ነበር። መምህሩ ይህን የጻፉት በእርጋታ ነው፤ የቡራዩውን ሰው ለጊዜው ዝም ያሰኘው ግን ይህ ይመስለኛል፤ እንደ ፍጹም መፍትሔ ሲያቀርበው የነበረው ጥብቁ አሠራር ቀዳዳ እንዳለበት ታይቷልና።

ምላሽ 15። የገላኑ ተማሪ ለዚህም መልስ ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 የእስራኤሉ ቴክኒዮን ተመራማሪዎች ለካርዱ ለዘለቄታው የተከፈቱ የተለዩ ገጾችን አዘጋጅተው፣ ፓኬቱን ከእነዚህ ገጾች ወደ ከርነሉ ሜሞሪ ወይም ከከርነሉ ወደ እነሱ መቅዳት፣ ሳይቀዱ በጥብቁ አሠራር ከመሥራት እንደሚፈጥን አሳይተዋል። መጀመሪያ ሲሰሙት ይገርማል፤ መቅዳት ሁልጊዜ እንደ ኪሳራ ይቆጠራልና። ነገር ግን 1,500 ባይት መቅዳት 2,000 ዑደት ከሚወስደው ትእዛዝ ይረክሳል፤ ወረፋውም የለበትም፤ በገጹ ላይ አብሮ የሚጋለጥ የከርነል መረጃም አይኖርም። ለትልልቅ ቁራጮች ግን ስሌቱ እየተገለበጠ ይሄዳል። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 5.4 ሥሪት ጀምሮ በኢንቴል ማሽኖች ላይ፣ ተንደርቦልት በተባለው ፈጣን መሰኪያ ከውጭ የተሰኩ መሣሪያዎች የሚያስተላልፉት መረጃ ሙሉ ገጽ የማይሞላ ሲሆን በእንዲህ ያለ መሸጋገሪያ ሜሞሪ እየቀዳ ያስተናግዳቸዋል። የቱሉ ዲምቱው ባለሙያ ወዲያው ጣልቃ ገብቶ፣ ፈጣኖቹ የኔትወርክ ድራይቨሮች የሚሄዱት በሌላ መንገድ መሆኑን ጨመረ። እነሱ ገጾቹን አንዴ ከፍተው ሳይዘጉ ደጋግመው ይጠቀሙባቸዋል፤ ፍጥነቱ ያስደስታል፣ ነገር ግን ፋየርዎሉ ፓኬቱን አይቶ ካሳለፈው በኋላም ካርዱ ይዘቱን ሊለውጠው ይችላል። ይህኛው ነጥብ ለብቻው ክር ሊከፈትለት የሚገባ ነበር፤ ያነሳው ግን አልተገኘም።

ምላሽ 16። እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲያነብ የቆየው ጠያቂ ተመልሶ፣ መጀመሪያ ሊነግራቸው ይገባ የነበረ አንድ ነገር ተናገረ። ደንበኞች ጥሬ ቀረጻቸውን ይዘው የሚመጡት በራሳቸው ዲስክ ነው፤ አንዳንዶቹ ዲስኮች የተንደርቦልት ናቸው፤ የሚሰኩትም በአቀናባሪዎቹ ማሽኖች ላይ ነው። ማሽኖቹ ሁለቱ ዊንዶውስ፣ አንዱ የአፕል ነው። ስለ እነሱ ግን አንድም ጊዜ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ሐሳቡ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ነበርና።

ምላሽ 17። ከዚህ በኋላ የክሩ መልክ ተለወጠ። የአያቷ ፕሮግራመር ረጅሙን ምላሽ የጻፈችው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ጥበቃ ወይስ ፍጥነት ተብሎ ለቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚመለስ አለመሆኑን፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው መወሰን እንደሚቻልና እንደሚገባ አስረዳች። ማንም እንግዳ በሚሰካበት ሶኬት ላይ ፍጥነት ሁለተኛ ነገር ነው፤ አንድ ዲስክ ትንሽ ቢዘገይ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ከ5.0 ሥሪት ጀምሮ ሊኑክስ ወደ ውጭ በሚያይ ሶኬት የገባን መሣሪያ እምነት የማይጣልበት ብሎ ይመዘግባል፤ መሣሪያው የአድራሻ ትርጉም በራሱ ይዞ እንዲመጣ የሚያስችለውን አሠራርም ይነፍገዋል። ይህ እንዲሆን ግን የትኛው ሶኬት ወደ ውጭ እንደሚያይ የማሽኑ ፈርምዌር ለከርነሉ መንገር አለበት፤ የቆዩ ማሽኖች ይህን አይናገሩም። በዊንዶውስ 10 ከ1803 ሥሪት ጀምሮ ያለው የከርነል ዲኤምኤ ጥበቃም እንዲሁ በፈርምዌሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጥበቃው መሥራት አለመሥራቱ በሲስተም ኢንፎርሜሽን መስኮት ላይ ይታያል። የአፕሉ ማሽን የኤም ቺፕ ያለው ከሆነ በዲኤምኤ የሚሠራው እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አይኦኤምኤምዩ ስላለው በዚህ በኩል ጠያቂው የሚነካካው ነገር የለም። ተራ የዩኤስቢ ፍላሽና ዲስክ በዚህ መንገድ እንደማያሰጋም አክላ አስገነዘበች፤ በዩኤስቢ ሜሞሪውን የሚነካው በማሽኑ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ እንጂ ፍላሹ አይደለምና። ተንደርቦልትና ዩኤስቢ 4 ግን የፒሲአይ ኤክስፕረስን መስመር ወደ ውጭ ስለሚያወጡ ነገራቸው ሌላ ነው፤ የሶኬቱ ቅርጽ አንድ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ምላሽ 18 እና 19። የሱሉልታው ሰው ደንበኛው ዲስኩን ለስቱዲዮው ሠራተኛ አስረክቦ ውጭ እንዲጠብቅ ማድረግ ከዚህ ሁሉ እንደሚቀል ጻፈ። የቡራዩው ደግሞ ሰውየው ውጭ ቢቀመጥም ዲስኩ ውስጥ እንደሚገባ አስታወሰው። በዚህ ላይ የቡራዩው ሰው ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን የሱሉልታውን ሰው ከክሩ አስወጣው፣ ከዚያ በኋላም አልጻፈም።

ምላሽ 20። አንድ የጎሮ ጸሐፊ የቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ነገር አነሳ፤ ካርድን ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ ለሚሰጥ ሰው አይኦኤምኤምዩ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ መሆኑን፣ በአንድ ቡድን የተመደቡ መሣሪያዎችም አብረው መሰጠት እንዳለባቸው ገለጸ። ጠያቂውን የሚመለከት ባለመሆኑ ማንም አልቀጠለበትም።

ምላሽ 21። መምህሩ ብዙዎች የሚረሱትን ሌላ ጊዜ አስታወሱ፤ ማሽኑ ከበራበት ቅጽበት ከርነሉ ጥበቃውን እስኪያቆም ድረስ ያለውን። በዚያ መካከል ፈርምዌሩ መሣሪያዎቹን ያለ ጥበቃ ካስነሳቸው፣ የከርነሉ ጥብቅነት ለዚያ ጊዜ ምንም አይረዳም። ስለዚህ በባዮሱ (ማሽኑን በሚያስነሳው ፈርምዌር) የማስተካከያ ገጽ ላይ ከመነሳት በፊት የሚሠራ የዲኤምኤ ጥበቃ የሚል ምርጫ ካለ እንዲበራ፣ የደንበኛ ዲስክም ማሽኑ ተነስቶ ካበቃ በኋላ እንጂ ጠፍቶ ሳለ እንዳይሰካ መከሩ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዲስኩ ተሰክቶ እንዳለ ማሽኑ ጠፍቶ በራሱ እንደሚነሳ እኔም ልጨምር፤ ከ7ኛው ምላሽ ጀምሮ ከመንገድ የወጣ የመሰለው የመብራት ወሬ ለካ ሩቅ አልነበረም።

ምላሽ 22። ጠያቂው ያደረገውን ሊናገር ተመለሰ። ለ6ኛው ምላሽ ጥያቄ መልሱን ያገኘው ራሱ ነው። የተከተለው የፍጥነት መመሪያ፣ ከቀጥታ ማሳለፊያው ሌላ፣ ካርዱ ትልልቅ ቁራጮችን ራሱ የሚከፋፍልበትን አገልግሎት እንዲያጠፋም ያዘዘ ነበር፤ መመሪያው የተጻፈው ፓኬት ለሚያሳልፍ ራውተር እንጂ ፋይል ለሚልክ ሰርቨር አልነበረም። ከርነሉ እያንዳንዱን የ1,500 ባይት ፓኬት ለብቻ እያዘጋጀ፣ ለብቻ እየከፈተና እየዘጋ ይልክ ስለነበር የቱሉ ዲምቱው ስሌት ልክ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አገልግሎቱን መልሶ አበራው፤ ጃምቦ ፍሬሙን በካርዱም በስዊቹም ላይ አስተካከለ፤ ካርዱንም ወደ ዘገየው አሠራር አወረደው። ከጥብቁ ወደ ዘገየው መውረድ በአዳዲሶቹ ከርነሎች ላይ ድራይቨሩን ሳይነቅሉና ሰርቨሩን ሳያጠፉ የሚደረግ በመሆኑ አቀናባሪዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። ምስሉ አሁን አይንገጫገጭም፤ ኮሮቹም ተንፍሰዋል። ከዊንዶውሶቹ ማሽኖች አንዱ የከርነል ጥበቃው በርቶ ተገኝቷል፤ ሌላው ግን ስለማይደግፈው የተንደርቦልት ሶኬቱ በባዮስ ተዘግቷል። የደንበኛ ዲስኮችም ከእንግዲህ በአፕሉና በመጀመሪያው ማሽን ብቻ ይከፈታሉ።

ምላሽ 23። ምስጋናው ሳያልቅ የቱሉ ዲምቱው ባለሙያ ቆጣ ብሎ ገባ። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ከተለወጠ ማስተካከያው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባትም የመከፋፈሉ አገልግሎት ብቻውን በቂ ሆኖ ሳለ ካርዱ፣ ያውም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ካርድ፣ ያለ ምክንያት ከጥብቁ አሠራር ወርዶ ሊሆን ይችላል። የቀሩትን ሁለቱን እንዳሉ ትቶ ካርዱን ወደ ጥብቁ እንዲመልሰውና እንደገና እንዲለካ ጠየቀው። የአያቷ ፕሮግራመርም ደገፈችው፤ በዚህ ላይ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ምላሽ 24። ጠያቂው ሐሳቡን ተቀብሎ፣ ጊዜው ጥር መሆኑንና የሠርግ ሥራ መደራረቡን፣ እስከ እሑድ የሚረከቡ ሥራዎች እያሉ ሰርቨሩን ማንም እንዲነካው እንደማይፈቀድለት፣ ሰኞ ማታ አቀናባሪዎቹ ሲወጡ እንደሚሞክረው አሳወቀ።

ምላሽ 25። የቱሉ ዲምቱው ሰው መልሶ፣ ማታ ሲለካ አንድ ማሽን ብቻ እያጫወተ እንዳይሆን፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ እንዲከፍቱና የሚመዘገበውም የመስመሩ ፍጥነት ሳይሆን የእያንዳንዱ ኮር ጫና እንዲሆን አሳሰበው፤ መስመሩ ከሞላ ፍጥነቱ በሁለቱም አሠራር አንድ ሆኖ ይታያልና።